ሳይረጥብ በደረቁ

ጥር ነው፤ የዘይድ ሜዳ ጉሙን ለብሶ አድሯል፣
ከባሕር የመጣው አሸዋው ላይ ሰፍሯል።
ሰው ሁሉ በረሃ ደረቅ ነው ይለዋል፤
የላስቲኩን ጣሪያ ማን ገብቶ ያየዋል?
ሌሊቱን አልቦት፣ ጠብ ጠብ ሲል ሲያነጋ
በአበባው ማህፀን፣ በፍሬው አልጋ።

እንጆሪ ይሉታል። ስሙ ብቻ ነው የኛ።
የኛው እንጆሪ ከቦርከና ዳር፣ አጥር ላይ፣
እሾሁ እጅ የሚያደማ፣
አበባውን ማንም ያልቆጠረለት፣
ዝናብ ያጠበው፣ ወፍ የተካፈለው።
ይሄኛው በቱቦ ይጠጣል፣ በቁጥር ያድራል።

የኔ ሥራ መልቀም አይደለም።
የኔ ሥራ ከለቃሚዎቹ በፊት መግባት ነው፤
በግራ እጄ ጥቁር ከረጢት፣ በቀኝ መቀስ፣
ግራጫ ጸጉር ያወጣ ፍሬ ፍለጋ።
ሲነኩት እንደ አመድ ይቦናል፤
አንድ እፍ ብትልበት መስመሩ ሙሉ ተያዘ።
ስለዚህ ትንፋሽህን ትይዛለህ፣
ከረጢቱን ከሥሩ ትደግፋለህ፣
እንደ ተኛ ሕፃን አቅፈህ ትቆርጠዋለህ።
መሬት አትጥለውም።
በዚያው እጅህ ጤነኛውን አትነካም።

መሐንዲስ ፈትሒ፣ ግብፃዊው፣ መነጽሩ ሁልጊዜ እንፋሎት የሚለብስ፣
አንድ ቀን አበባ ፈልቅቆ አሳየኝ፦
«በሽታው ዛሬ አልመጣም። የገባው ሲያብብ ነው።
ፍሬው አረንጓዴ ሳለ አብሮት ተኝቶ ነበር፤
እስኪጣፍጥ ይጠብቀዋል።»
በተሰባበረ ዓረብኛዬ ነው የሰማሁት፤
ይቺን ነገር ግን በየትኛውም ቋንቋ አውቃታለሁ።

ሀገሬ ሲመክር «ሳይርቅ በቅርቡ፣
ነገርን ቋጨው» ይል «ሳይደርቅ በርጥቡ»።
እዚህ ግን ምክሩ ተገልብጦ በሙሉ
ሳይረጥብ በደረቁ ድረስለት አሉ።
ፀሐይ ሳትበረታ መስኮቱን ክፈተው፣
የሞተውን ቅጠል ከሥሩ ጎትተው።
አንዱን መድኃኒት ብቻ ደጋግመህ አትርጭበት፣
ሻጋታም ይለምዳል፣ ስድብ እንደበዛበት።
ከረጨህ በኋላ ቀኑ እስኪሞላለት
ገዢው በር ላይ ቢቆም ፍሬ አትቁረጥለት።

ይህን ሁሉ እያወቅን
የመብራት ሒሳብ መጣ።
ራፊቁል፣ አለቃችን፣ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፤
ማራገቢያዎቹን አራት ሌሊት አጠፋ።
በአምስተኛው ጧት ከሰባተኛው ቤት
ሦስት ከረጢት ሞልቼ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ይመር ማሳል ጀመረ።
አሥራ አንድ ሆነን የምንተኛበት የቆርቆሮ ክፍል፣
መስኮቱ በካርቶን የተደፈነ፤
ሳሉን በትራስ አፍኖ ሰነበተ።
እኔም ሰምቼ እንዳልሰማ።
ኮንትራቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር፤
ገና ሲመጣ፣ በመጀመሪያው ክረምት፣
ደረቱን ያዝ አድርጎ «ምንም አይደል» ያለኝ ትዝ አለኝ።

ራፊቁል ደረሰበት። ክፉ ሰው አይደለም።
«አንዱ ካልወጣ ሌላውም ይያዛል» አለ፣
እኔ አዲስ ገቢዎችን ሳስተምር እንደምለው፣
ቃል በቃል።
ፒክአፑ በኋላ በር መጣ።
ይመር አፉን በፎጣ ሸፍኖ
በሰባተኛው ቤት በኩል ሲያልፍ
እጁን አላነሳም፤ እጁ ሻንጣ ይዟል።
የኔም እጅ ከረጢት ይዟል።

ማታ ካርቶኑን ከመስኮቱ ቀደድኩት።
ማንም ምን ሆንክ አላለኝ።
ዘጠኝ ሰው በእንቅልፍ ልቡ
ፊቱን ወደ ቀዳዳው አዞረ።

ዛሬ ጉሙ ሳይነሳ ገባሁ።
ማራገቢያው ይዞራል፤ ያበራሁት እኔ ነኝ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፤
ከደመወዜ ይቆረጥ እንደሆነ ወር መጨረሻ ይታያል።
ጠብታው ከጣሪያው መነሳት ጀምሯል፤
ሰባተኛው ቤት፣ ሦስተኛው መስመር ላይ
ትናንት ያልነበረ አንድ አበባ አለ።
ጎንበስ ብዬ አየሁት።
ነጭ ነው። ምንም አይታይበትም።